የአልጣሽ ጉሽ

«መሥራቹና ባለራእዩ አቶ አብሳሎም...» ብሎ የእድሩ ጸሐፊ ከወረቀት ማንበብ ሲጀምር፣ ብርሃንነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ካልጎሰጎሰች ትናገራለች፤ ከተናገረች ደግሞ የጊንጆ ሰፈር በሙሉ «በወንድሟ ሠልስት ተሳደበች» ሊላት ነው።

በድንኳኑ ምሰሶ ላይ የሟች ፎቶ ተሰቅሏል። ያው የጠጁ ጠርሙስ ላይ ያለው ነው፤ ከረባት አድርጎ ይስቃል፣ ከሥሩ «አብሳሎም ጠጅና አረቄ» ይላል።

«ምኑን ነው የመሠረተው?» አለች፣ አልቻለችማ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለዘይቡ። ዘይቡ ጠጅ በአፏ ዞሮ ባያውቅም፣ ከሊሙ ገነት ማር እያስመጣች ለእናታቸው ስታቀርብ የኖረች ጎረቤት ናት።

«ያ ረቢ! ዝም በይ። የሞተ አይወቀስም።»

«ሞት እንዲህ የሚያጸዳ ከሆነ ሳሙና ለምን እንገዛለን?»

ጠጁ የእናታቸው የአልጣሽ ነበር። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሁለት ልጅና አንድ ጋን ይዛ ቀረች። ከጋኑ ሥር ያልተጠለለውን ጉሽ ሁልጊዜ ታስቀራለች፤ የሚቀጥለውን የምትጠነስሰው በእሱ ነው። ከዚያ ጉሽ ያልገባበት ጠጅ እጇ ላይ ጣፍጦ አያውቅም። አንድ ቀን አብሳሎም፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉሹን ጠርሙስ ሙሉ ቀድቶ ክዳኑን በጥርሱ ጭምር አጠበቀው። ጠርሙሱ ፈንድቶ ጉሹ ግድግዳውን ሲያለብሰው እናቱ አልመታችውም። «የሚተነፍስ ነገር አንቀው አይዘጉም፣ ልጄ። ትንሽ ላላ አድርግለት» ብላ ሳቀች።

አድጎ በአሰንዳቦ መንገድ ፋብሪካ ከፈተ። ብርሃንነሽ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስትጠነስስለት ቆየች። እናታቸው ስትሞት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ጠርሙሱ ላይ የእማዬን ስም ጻፍላት።»

«የጠጅ ሻጭ ስም ለጥፌ የትኛው ሆቴል ይገዛኛል?» አላት።

የእናቷን ጋን በጋሪ ጭና ወጣች፤ ቤቷ እየጠነሰሰች መሸጥ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የአብሳሎም ልጅ ዮኤል መጥቶ አጠገቧ በርከክ አለ።

«አክስቴ፣ አባዬ ታሞ ከተኛ ጀምሮ የጣልነው ሁሉ እየኮመጠጠ ነው። ባለሙያ አመጣን፣ ላብራቶሪ ላክን፣ ወይ ፍንክች! ያን ጉሽ ስጪኝ።»

«የአያትህን ስም ጻፍ።»

«ብራንድ እኮ ነው! የተመዘገበ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ...»

«እንግዲያው ኮምጣጤ ሽጥ።»

ዘይቡ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ዮኤል ጉልበቱን አራግፎ ሄደ።

ወዲያው ድንኳን ለተከሉት ወንዶች ድሮ የታሸገ ጠጅ ይታደል ጀመር። አግዳሚ ሲያነሳ የነበረው ገላና ብርሌው ሲደርሰው በመዳፉ ከለከለ። «እኔ አልጠጣም። ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው።»

ብርሃንነሽ ቀና አለች። ገላናን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢጫ ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ደንበኛዋ ነው። «አይጥለሉት፣ እትዬ፤ እኔ ጉሹን ነው የምወደው» ይላታል። ሰሞኑን ሲጠፋባት ታሞ መስሏት ነበር፤ ለቅሶም የመጣው እሷን ብሎ መስሏታል።

«ና ወዲህ! ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ጠጅ ማን ጠጣው?»

አንገቱን ደፋ። «ኤዬ... ይቅር በሉኝ፣ እትዬ። የጋሼ አብሳሎም ሹፌር ነኝ። ‹ጉሹን አምጣ፣ ስሜን እንዳትጠራ› ይሉኛል። በየበርሜሉ ራሳቸው ናቸው የሚጨምሩት፤ ሰው አያስቀርቡም።»

«ሌባ!» አለች። ሰው ዞረ። ይዙር! ስምንት ዓመት ውስጡ የእማዬ፣ ውጩ የእሱ ፊት! ቤቷን አጥቶት ነው? አንዲት ቅዳሜ ጀሪካኑን ራሱ አንጠልጥሎ ቢመጣ ትሰድበው ነበር። አጥግባ ሰድባ ትቀዳለት ነበር።

«ደጄ ድረስ መጥቶ ያውቃል?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መኪናው ውስጥ ይቆያሉ፣ ከመስጊዱ ማዶ። አንዴ በሩን ከፈቱ።»

«እሺ?»

«መልሰው ዘጉት።»

ቅዳሜ ጠዋት ገላና ደጇ ቆመ፣ ባዶ እጁን።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። እግሬ ነው ያመጣኝ።»

ወደ ውስጥ ገባች፤ የራሷን ጀሪካን አምጥታ ከጋኑ ሥር ጉሹን ሞላችው።

«ዮኤልን ምን ልበለው?»

«የማን እንደሆነ ንገረው። ስሟን ጥራ እስቲ።»

«አልጣሽ።»

«እንዲያ በለው። ስሟን ካልጻፈ ሌላ ቅዳሜ የለም። ለአባቱ ያላደረግሁትን... ተወው፣ እንዲህ ብቻ በለው።»

ክዳኑን እጇ እስኪነጣ አጥብቃ ዘጋችና ሰጠችው። ገላና በሩን ሊያልፍ ሲል ጠራችው። ጀሪካኑን ከእጁ ሳትቀበል፣ ጎንበስ ብላ፣ ክዳኑን ግማሽ ዙር መልሳ አላላችው።