ባዶ አፈር

ቅልጥፌ የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። ስሙም ይገባታል፤ ምራት ሆና ከገባች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሳይወለወል የዋለ ዕቃ የለም። አንድ ጠዋት መስኮት ስትወለውል ነው መስኮቱ ሥር የነበረ የእንቁላል ካርቶን በክርኗ ተገፍቶ ወለሉ ላይ የተደፋው። አማቷ በየጎድጓዳው አፈር ሞልተው፣ ከቀድሞ ጓሯቸው ያመጡትን የቃሪያ ዘር ዘርተው፣ ላስቲክ አልብሰው ፀሐይ ዳር ያስቀመጡት ነበር። ሲበቅል በረንዳው ላይ ወደተደረደሩት የቀለም ባልዲዎች ሊያዛውሩት ነበር።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይቺ ግን አልለቀመችም። አሮጊቷ ከመኝታ ቤት ሳይወጡ የፈሰሰውን ጠርጋ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረች፤ ካርቶኑን በሌላ አፈር ሞልታ ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው። ቀልጣፋ ናት ብለን የለ!

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን ገለጥ አድርገው ውሃ ያርከፈክፋሉ፤ ባዶውን አፈር «አይዟችሁ፣ ብርዱ ነው» እያሉ ያባብላሉ። ምራት የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ትልና አፏን ስትከፍት «ሻይ ላምጣ እማማ?» ይወጣታል። ነገሩ በቆየ ቁጥር ደግሞ ለመናገር እየከበደ ሄደ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑ በረንዳው ጥግ ተጥሏል። አሮጊቷ በጨርቅ የተቋጠረች ነገር ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ናት እማማ?»

«የቀረችው ዘር ናት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ልሰጣት ነው። እሷ እንኳ ታብቅላት።»

«እርስዎ እያሉ?»

«ምኑን አለሁት ልጄ!» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ይሄ እጅ ዱሮ ድንጋይ ላይ ቢዘራ ያበቅል ነበር። አሁን መከነ። ቃሪያ እንኳ እምቢ አለኝ።»

ምራት እስካሁን የደፋችው ዘር ብቻ መስሏት ነበር።

«አልመከነም እማማ። እኔ ነኝ የደፋሁት፣ መስኮት ስወለውል። አፈሩን ቀይሬ ዝም አልኩ። ሲያጠጡ የከረሙት ባዶ አፈር ነው።» እንባዋ ቀደማት።

አሮጊቷ መዳፋቸውን ዳግም ገልብጠው አዩት። ቢሰድቧት በወደደች።

«እንግዲያ እጄ ደህና ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ደህና ነው እማማ።»

ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ጠብቆ ስለታሰረ እምቢ አላቸው። ምራት ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ አንቺ ተቀመጪ» አሏት።

እንደ ወትሮው ቅልጥፌ አላሏትም።