ያልተጻፉት ስሞች

«አሁኑኑ አጥፊው» አለ ሐዱ፤ ስልኩን እህቱ አፍንጫ ሥር ደቅኖ።

ሩቂያ መነጽሯን አስተካክላ አየችው። ራሷ የጻፈችው ገጽ ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆና የተወለደችበትን የድራዓ ሸለቆ ታሪክና ባህል ማንም በነጻ የሚያነብበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ስታዘጋጅ ቆይታለች። ስለ መስኖው፣ ስለ ሠርግ ልብሱ፣ ስለ ፈረሱት የጭቃ ግንቦች ዘጠኝ መቶ ገጽ ተጽፏል።

ይኼኛው ስለ ታች ሰፈር የከበሮ ዘፈን ነው። መሐሉ ላይ ዘፈኑን ያመጣችው «አንዲት አገልጋይ» በልጅነቷ ለ«አንድ ባለ ርስት» የተሸጠች መሆኗን ይናገራል፤ ከግርጌው የሽያጭ ውሉ ፎቶ አለ። ሩቂያ ውሉን ያገኘችው ከአባታቸው ሣጥን ነው። ፎቶውን ስታነሳ የገዢው ስም ያለበትን መስመር በነጭ ወረቀት ሸፍናዋለች።

«ስማችንን አልጠቀስኩም እኮ።»

«እዚህ መንደር ስንት ባለ ርስት ነበር? ሰው ሁሉ በስልክ እየተቀባበለው ነው። እሁድ የምወዳደርበት የቴምር ገበሬዎች ማኅበር ምርጫ አለ፤ ግማሹ መራጭ የታች ሰፈር ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ሰላም ብላቸው መልስ የሰጠኝ የለም።»

«ውሸት ነው የጻፍኩት?»

«ውሸት ነው ማን አለሽ? እነሱስ ቢሆኑ የባሪያ ዘር ተብለው መጻፍ ይፈልጋሉ? ጠይቀሻቸዋል?»

ሩቂያ አልጠየቀችም። ዘፈኑን የቀዳችው ከታች ሰፈሯ አሮጊት ከእማማ ምባርካ ነው፤ ውሉን ግን ማንንም ሳታማክር ነበር ያስገባችው።

«እስከ መግሪብ ሶላት ካላጠፋሽው ሣጥኑን ወስጄ ቤቴ እቆልፍበታለሁ» አለና ወጣ።

ሣጥኑ ውስጥ የመቶ ሃምሳ ዓመት ወረቀት አለ። ገና ግማሹን እንኳ አልገለበጠችም።

ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በቴምሩ ዛፎች መሐል ወደ ታች ሰፈር ወረደች። እማማ ምባርካ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ከቴምር ውስጥ የተበላሸውን እየለቀሙ ይጥላሉ።

«መጣሽ? ወንድምሽ አስሮሽ ነው የቀረሽው ብዬ ነበር።»

«እማማ፣ ሳላማክርዎ የጻፍኩት ነገር አለ። አስከፍቶዎት ከሆነ ዛሬውኑ አነሳዋለሁ።»

«አስከፍቶኛል።»

ሩቂያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«የልጅ ልጄ አነበበችልኝ» አሉ ምባርካ፣ ዓይናቸውን ከቴምሩ ሳያነሱ። «አያቴ የተሸጠችበት ቀን አለ፤ ዋጋዋ አለ። አህያም ሲሸጥ እንደዚሁ ነው የሚጻፈው። ስም አልነበራትም?»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

ሩቂያ አብራቸው ቴምሩን መልቀም ጀመረች። አሮጊቷ ቀና ብለው «ያኩታ ነው ስሟ» አሉ። «ከበሮውን ለእናቴ ያስተማረች እሷ ናት። እንዳታጠፊው። ስሟን ጻፊበት።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ልጅቷ ደግሞ ነጩ ወረቀት ሥር ምን እንዳለ ጠይቃኛለች።»

«ምን አሏት?»

«ሩቂያን ጠይቂያት አልኳት።»

ስትመለስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። የሐዱ ጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው ከደረጃው እየወረዱ ነው።

«አጠፋሁት በይኝና አሁኑኑ ወደ ቦታው ይመለሳል» አለ ሐዱ። ድምፁ ለስለስ ብሏል፤ የሚለምናት ይመስላል። «ሩቂያ፣ ከዚያ በኋላ እኔም አንቺም እፎይ እንላለን።»

«አስቀምጡት» አለች ሰዎቹን።

ሣጥኑን ከፍታ ውሉን አወጣች። ሐዱ የምትሰጠው መስሎት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ወረቀቱን የሣጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋችና ምንም ሳትሸፍንበት በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ እጁ ላይ አኖረችለት።

«በል ውሰደው» አለችው።

«ምን ልታደርጊ ነው? አያትሽ እኮ ነው።»

«አያቴ መሆኑንማ አውቃለሁ።»

ፎቅ ወጥታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፎቶውን ቀየረች። «አንዲት አገልጋይ» የሚለውን አጥፍታ «ያኩታ» ብላ ጻፈች። «አንድ ባለ ርስት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከታች ሣጥኑ መኪናው ላይ ሲጫን፣ ቀጥሎም ሞተሩ ሲነሳ ሰማች። ወደ መስኮቱ አልሄደችም። የአያቷን ስም ከነአባቱ ጽፋ ገጹን ለቀቀችው።