ቲዝል የደበቀችው ዕጢ

ከገዛ ገላው የወጣ ነገር የሚሰርቅ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ስለ ቲዝል ስሙ።

ቲዝል ፌሬት ናት፤ የፋሮ ቢጤ፣ ቀጭን፣ ጥንቸል ከጉድጓዷ አሳድዳ የምታስወጣ ጉደኛ አውሬ። ጌታዋ ኢኖክ ጋርሳይድ የእንግሊዝ አገር፣ የዮርክሻየር ሰው ነው፤ ዕድሜውን ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ታዲያ የቲዝል የፊት እግር ላይ አተር የምታክል ዕጢ ወጣች። ኢኖክ እንደ አባቶቹ ሬንጅ ቀባባት። ቅርፊቷ ሲወድቅ፣ «ይኸው ዳነች!» ብሎ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ዕጢዋ ግን ሳትቆይ ተመልሳ አበጠች፤ ደረቀች፣ ወደቀች፣ እንደገና አበጠች። ሽማግሌው ነገሩ ከነከነው። የሚሄድና የሚመለስ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ብሎ ይዟት ሐኪም ቤት ሄደ።

ዶክተር ሂርስት የምትባለው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ዕጢዋን ቆርጣ አወጣችና ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻት።

«የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ አቶ ጋርሳይድ። ፌሬት ላይ እንዲህ ያለው ዕጢ ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፤ ግን ክፉውም አለ። ላቦራቶሪ ይለይልናል። ክፉው ከሆነ እግሯን መቁረጥ ግድ ነው። ለዛሬ እኛ ዘንድ ትደር።»

ኢኖክ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጉድጓድ መግባት የለመደች ፌሬት በሦስት እግር እንዴት ትሁን?

በነጋታው ሊወስዳት ሲመጣ ክሊኒኩ ተተረማምሷል። ቲዝል ከማደንዘዣው ስትነቃ የሽቦ ቤቷን መቀርቀሪያ ፈልቅቃ ስትዞር አድራ፣ ጠዋት ወለሉ ላይ ተኝታ ተገኝታለች። ባለ ጎማ ክዳኑ ብልቃጥ የለም!

«ጉድ ሆንኩ!» አለች ሐኪሟ። «ዕጢዋን አንድም ሳላስቀር ነው ያወጣሁት፤ ሌላ የማስመረምረው የለኝም። ሳናውቅ መተው ደግሞ ያስፈራኛል። ለጥንቃቄ ሲባል እግሯን…»

«ቆይ ቆይ፣ ልጄ! ቢላዋሽን አስቀምጪ። ይቺ ጎማ ካየች አትምርም። ሌባ ደግሞ የዘረፈውን የሚያከማቸው አንድ ቦታ ነው።»

ከኪሱ አንዲት ትንሽ ቃጭል አወጣ፤ ለአደን ሲወጣ መሬት ውስጥ የት እንዳለች የሚያውቅባት ናት። አንገቷ ላይ አሰረላት። ከዚያ የቦት ጫማውን የላላ ተረከዝ ገንጥሎ ወረወረላት። ቲዝል ወዲያው ነከሰችው፤ በፋሻ በታሰረው እግሯ እያነከሰች፣ ጎማውን እየጎተተች ከቁም ሣጥኑ ሥር ባለ ቀዳዳ ገባችና ጠፋች።

ኢኖክ መስክ ላይ እንደሚያደርገው በደረቱ ተኛና ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጠፈ።

ድመቷን ይዛ ተራ የምትጠብቀው ጎረቤቱ ማጊ አላስችል አላት። «ኢኖክ፣ ጸሎት ላይ ነህ ወይስ ወገብህ ተቀጨ?»

«አፍሽን ያዢልኝ፣ ማጊ! አውሬዬን እየሰማሁ ነው!»

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ቅጭል… ቅጭል… ድምጹ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ለሥር ሄዶ እንስሳት የሚመዘኑበት ሚዛን ጋ ቆመ።

«እዚህ ጋ!» ብሎ ሳንቃውን በጡጫው መታው።

ሳንቃው ሲነሳ ቲዝል ሀብቷ ላይ ተጋድማለች፦ ተረከዙ፣ የሐኪሟ የልብ ማዳመጫ ጫፍ፣ ብልቃጡ። ክዳኑ ተነክሷል እንጂ አልተከፈተም።

«ጠዋት ሙሉ ስፈልገው!» አለች ሐኪሟ የማዳመጫዋን ጫፍ እያነሳች።

ብልቃጡ ተላከ። ኢኖክ ስልኩ ሥር ተቀምጦ ሰነበተ፤ ምግብም አልበላለት አለ። በመጨረሻ ተደወለ።

«ክፉው አይደለም፣ አቶ ጋርሳይድ። ጨርሶ ወጥቷል። እግሯን የሚነካ የለም።»

ኢኖክ ስልኩን ዘጋ። ቃጭሏን ከአንገቷ ፈትቶ ቲዝልን ለቀቃት፤ ከዚያ ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተጋድሞ ጆሮውን ለጠፈ። አራቱም እግሮቿ ተራ በተራ ወለሉን ሲረግጡ ሰማና አለቀሰ።