የናሙናው ቤት በር

አሰገደች ባሏን ጥላ የወጣችው ሰው በዝቶባት ነው። በመጠጥ አይደለም፣ በዱላም አይደለም፤ በሰው። ገንደ ቆሬ ሰፈር በአማቷ ግቢ በኖረችበት ዘመን ሁሉ በሯን አንኳኩቶ የገባ አንድ ፍጡር አላየችም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ይገባል። የባሏ የአጎት ልጆች ከባቡር ወርደው ከነጓዛቸው ይገባሉ። የእድር ሴቶች አልጋዋ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። አማቷ ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ ሳጥኗን ከፍተው፣ ያማራቸውን ነጠላ መርጠው፣ ለብሰውት ለቅሶ ይሄዳሉ። ባሏ ክፍሉ የምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሳፍር ውሎ ቤቱም ገብቶ ያው ነበር፤ ደጁ ላይ ጥላ ባየ ቁጥር «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ቃሉ ከአፉ የሚወጣው ሳያስበው ነው፣ እንደ ማስነጠስ።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ወንድሟ ቤት ድረስ መጥተው ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ነገር አላረዘመችም።

«የራሴን በር» አለች። «ሰው ሳያንኳኳ የማይገባበት። እሱን ካገኘልኝ እመለሳለሁ፤ ካላገኘ ፍቺዬን ይስጠኝ።»

ክፍሉ ሄዶ ናሙናውን ቤት ገዛ።

ናሙናውን ቤት ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ግሪካዊ ተቋራጭ ከዚራ ከሚባለው አካባቢ ዳር ሙሉ ሰፈር ሊሠራ አስቦ፣ ገዢ እንዲያይለት አስቀድሞ አንዱን ቤት ብቻ ሠራ፤ ከነመጋረጃው፣ ከነአልጋው፣ ከነሳህኑ። ከዚያ በሩን ከፍቶ እዩልኝ አለ። ከተማው አየለት። እሑድ እሑድ ከዓሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትላላ ክርስቲያኑም እስላሙም የክቱን ለብሶ፣ ልጁን አስከትሎ ይወጣ ነበር። እንደ ሲኒማ ነበር፣ ያውም በነፃ። አሰገደችም አንድ እሑድ ከባሏ ጋር ገብታ «እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ምን ጎደለው» ብላ ወጥታለች። ሁሉም አየ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ተቋራጩ የሌሎቹን ቤቶች መሠረት እንዳወጣ ትቶ ቁልፉን ለወኪል ሰጥቶ ወደ ጅቡቲ ወረደ፣ ናሙናው በባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ። ሰው ግን እሑድ እሑድ መምጣቱን አልተወም። ለምዶታላ።

አሰገደች ቤቱን ልታይ ከታላቅ ወንድሟ ከአየነው ጋር የመጣችውም በእሑድ ነው። ቀኑን የመረጠው ክፍሉ ነበር፤ ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ ብቻ።

አየነው የጉምሩክ ፈታሽ ነው። ዕድሜውን የሰው ሻንጣ ሲገለብጥ የኖረ ሰው በመሆኑ ማንንም አያምንም፤ የእህቱን ባል ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ሰላምታውን በአገጩ ሰጠና ገና ከመግባቱ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ይቆረቁር ጀመር።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለ ክፍሉ።

«የተደበቀ ነገር።»

«ሲሚንቶው ንጹሕ ነው፣ ጋሼ አየነው። ለማሳያ የተሠራ እኮ ነው፤ ሰውዬው ያለውን ምርጥ ዕቃ እዚህ ላይ ነው ያዋለው። ጣራው አያፈስም። ቧንቧው ወጥ ቤት ድረስ ገብቷል። የኒም ዛፎቹን ይዩአቸው እስቲ፤ አዲስ ቤት ባሠራ ኖሮ ይህን ጥላ እስካገኝ ልጄ ጢም ያበቅል ነበር።»

«መጀመሪያ ልጁን ውለድ» አለ አየነው፣ የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ሲስብ። መሳቢያው ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። «ይኸው። ስንት እጅ ከፍቶ የዘጋው ይመስልሃል? ከተማው ሁሉ ተለማምዶበት ሲያበቃ ነው ለአንተ የሸጡልህ።»

አሰገደች ቤቱን ዞረች። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት የሰው እግር ንጣፉን ልጦ እንደ ከብት መሄጃ መንገድ አውጥቶበታል። ግድግዳው በልጅ ቁመት ልክ ጠቁሯል። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት መጻሕፍት አንዱን ልትመዝ ብትል ሁሉም አብረው ተነሡ፤ ቀለም የተቀባ አንድ ግንድ ነው። መልሳ አስቀመጠችውና ባሏን አየችው። አስተያየቷ ክፍሉን ጆሮው ድረስ አቀላው።

መኝታ ቤት ሲደርሱ አልጋው ፊት ቆመች።

«ተኛበት እስቲ።»

ክፍሉ ጫማውን አውልቆ ተጋደመ። እግሮቹ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አየር ላይ ቀሩ።

«ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል ነው አልጋውን ያሳጠሩት» አለ፣ ጣራ ጣራውን እያየ።

«የትኛው ክፍሉ?» አለ አየነው ከደጃፉ። «ቤቱ ወይስ አንተ?»

አሰገደች ሁለቱንም ትታ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው መጣ። ዘጋችው። በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች፤ ከኒም ጥላና ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም። ለአፍታ ያህል የገዛ ትንፋሿን ሰማች። ቤቱን ወደደችው፤ መውደዷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ክፍሉ ከመጋላ ገበያ ሳምቡሳ ገዝቶ አምጥቶ ኖሮ ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አሰገደች የልቧን የጀመረችው እዚያ ነው።

«እኔ በር ፈለግኩ። አንተ ምን ገዛህልኝ? ያ ሁሉ ሰው የተመላለሰበት፣ አልጋውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሞከረው ቤት። የራሴ በር ስልህ ምን ነበር የሰማኸው?»

«አንቺ ነሽ እኮ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው...»

«እሱን ያልኩት እንደ ሰው ሁሉ ልታይ መጥቼ ነው። እይታና ኑሮ...»

ቃሏን አቋረጠች። ሳሎኑ መሐል አንዲት ሴትና ሁለት ሴት ልጆቿ ቆመው ያዩዋቸዋል። ሃዎ ናት፤ መጋላ ጨርቅ የምትነግደው ሶማሌ። ልጆቿ ኡባህና ኪንሲ አጠገቧ ናቸው። ሰላምም አላሉም። መጋረጃ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያዩዋቸው።

«ማሻላህ» አለች ሃዎ ለልጆቿ። «አሁን ደግሞ ሰውም አስቀመጡበት። እንዴት እንደሚኖርበት ያሳያል ማለት ነው።»

ኡባህ ቀረብ ብላ ጠረጴዛውን መረመረች። «ሳምቡሳው እውነት ነው፣ እማ።»

«ያኛው ሰውዬስ ምንድን ነው?» አለች ኪንሲ አየነውን በጣቷ እያሳየች።

«እሱ የሚስትየዋ ወንድም ነው። ፊቱን አታዪም?» ሃዎ ለአሰገደች አንገቷን ነቀነቀችላት። «ጠብም አለበት፣ አቦ። ጥሩ ሠርተውታል። ጠብ የሌለበት ቤት ማን ያምናል? ቀጥይ እህቴ፣ ስለ በር ነበር የምትይው።»

ክፍሉ ሳምቡሳውን እንደያዘ ብድግ አለ። «ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ እንጂ።»

አየነው እስኪያንቀው ሳቀ።

«እኛ ማሳያ አይደለንም» አለች አሰገደች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ቤቱ ተሽጧል። ይሄ እውነተኛ ባሌ ነው፤ የምጣላውም ከልቤ ነው።»

የሃዎ ፊት ተለወጠ። ሻሿን አስተካከለች፣ ልጆቿን በክንዳቸው ይዛ ወደ ኋላዋ ሳበቻቸው። ከዚያ ቁጣዋ ሁሉ ወደ ክፍሉ ዞረ።

«ወላሂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ሚስትህ ትጣላሃለች፣ አንተ ሰው ግቡ ትላለህ? እኔ ቤቴ ጠብ ቢኖር ባሌ መላእክትም አያስገባም።» የመጋላ ሰው አንቱታን አያውቅም፤ ሃዎም ለክፍሉ ልትጀምርለት አላሰበችም። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ወደ አሰገደች መለስ አለች። «እህቴ፣ በሩን የከፈትነው እኛ አይደለንም።»

ሄዱ። አሰገደች ነገሩ ገባት፤ እንደ እሾኽ ነበር የገባት። ሃዎ ልክ ናት።

«በቃሽ?» አለ አየነው፣ ባርኔጣውን እያነሣ። «እንሂድ።»

ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ማለትም ልትወጣ በሩ ጋ ደረሰች። ከፊት ለፊት በጥርጊያው መንገድ ወይዘሮ ትርንጎ የእድር ሴቶቻቸውን አስከትለው፣ ጃንጥላ ዘርግተው እየመጡ ነው። ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። «ያውና የልጄ ቤት። አልጋው ሳይቀር የፈረንጅ ነው፣ ግቡና ታዩታላችሁ።»

ከኋላዋ ክፍሉ ትንፋሹን ሲስብ ሰማች። ያ ትንፋሽ ምን ቃል ይዞ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሳታስበው ሁለት እጆቿን በሁለቱ መቃኖች ላይ ዘረጋች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ማሳየቱ አብቅቷል» አለች። «ሊጠይቁኝ ከፈለጉ ሌላ ቀን ብቻዎን ይምጡ። ያንኳኩ፣ እከፍታለሁ።»

ሴቶቹ ቆሙ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አንኳኪ ነው የምትይኝ? የልጄን ቤት?»

«አዎ።»

«በፀሐይ ቆሜያለሁ እኮ፣ አንቺ።»

«ኒሙ ሥር ጥላ አለ።»

«በወንድሟ ጓዳ ተጠግታ ከርማ ዛሬ በልጄ ደጃፍ ላይ ዘበኛ ሆነች» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ለሴቶቹ። «ክፍሉ፣ ምን ትላለች ይህቺ?»

ክፍሉ በአሰገደች ክንድ ሥር ሾልኮ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ፤ ሌላኛው እግሩ ግን ውስጥ ነው። አፉን ከፈተ። «ግ...» ብሎ መልሶ ዘጋው።

አሰገደች ወደ ታች ስታይ የገዛ እግሮቿ ሁለቱም ከበሩ መድረክ ወዲህ ናቸው፤ ልትወጣ መጥታ አልወጣችም። አልጋው አሁንም አጭር ነው፣ መጻሕፍቱም ግንድ ናቸው፣ ባሏም ያው ባሏ ነው። ይህን በር ግን ለአማቷ ለቅቃላቸው ብትሄድ ከዛሬ ጀምሮ በየትኛው በር ትቆማለች?

«ጋሼ፣ ሻንጣዬን ነገ ላክልኝ» አለች።

«አብደሻል?»

«ላክልኝ አልኩ።»

አየነው እህቱን እንደተያዘ ኮንትሮባንድ አያት። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በሴቶቹ መሐል እየተጋፋ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

«እኔስ?» አለ ክፍሉ።

«ወይ ግባ ወይ ውጣ። ልዘጋው ነው።»

«ና ልጄ፣ እንሂድ» አሉ እናቱ።

ክፍሉ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እግሮቹን አየ። ገባ። ሲገባ ትከሻው ትከሻዋን ገፋት፤ ዞር አላለችለትም። በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወይዘሮ ትርንጎ በንዴት በሩን በጡጫቸው ይደበድቡት ጀመር። ዷ፣ ዷ፣ ዷ።

የክፍሉ እጅ ወደ እጀታው ተንደረደረ።

«ተወው» አለች አሰገደች። «መጀመሪያ ይጠየቃል።»

ክፍሉ እጁን ሰበሰበ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማነው?» አለ።