ስንዝር አሸዋ

«እማዬ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል?»

እናት ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አስተማሪ የሆነችው ልጇ በዓሣው ገንዳ መስታወት ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጣቷን ቀስራ ቆማለች። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ሻያቸውን እንደያዙ ወደ ገንዳው ዞረዋል።

«መነጽሬን አላደረግኩም» አለች እናት።

«እኔ ላንብብልሽ። ‹አሸዋውን አትንኪው። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም።› አባዬ በዚህ ሁሉ ትልልቅ ፊደል ጽፎ ሳለ፣ ማን ነው ያማሰለው?»

ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከሁለቱ ዓሦች አንዱ በጎኑ ተንሳፏል፤ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ልጅቷ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። ወንድሟ ለቀብር ብቻ ደርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ምራቲቱ ግን ሦስቱንም ቀን ወለል ስትጠርግና ወንበር ስትደረድር ነው የሰነበተችው።

«አንቺ ደግሞ ማጽዳት ነፍስሽ ነው። እዚህም እጅሽን ከተትሽ?»

«ኧረ እኔ መስታወቱን ከውጭ ብቻ ነው የወለወልኩት!»

«ታዲያ አሸዋው በራሱ ተነሥቶ ጨፈረ?»

አንዱ ለቀስተኛ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ምራቲቱ ዐይኗን ወደ አማቷ ላከች። እናት ባዶ ብርጭቆ ለማንሣት ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለችም ወደ ጓዳ ገባች።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰሞን ያንን ገንዳ ተሸክሞ ገባ፤ ከሻንጣ ብዙም አይበልጥም። ስንዝር ሙሉ አሸዋ አለበሰው። ውሃው አሸዋውን እንዳይቦረቡረው መሐሉ ላይ ሳህን አስቀምጦ፣ ጨው የተበጠበጠበትን ውሃ በሳህኑ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋዮች ደረደረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስድስት ሳምንት!

«አሸዋ ነው እንዴ የምታረባው?» እያሉ ጓደኞቹ ቀለዱበት።

«ዓሣ ማስገባትማ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ውሃ ማሳደግ ነው» ይላቸዋል። ለእሷ ደግሞ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ሳስወጣ ኖርኩ። አሁን ቆሻሻውን ራሱ የሚበላ ቤት ልሥራ» አላት። ቀጥሎ ኮራል የሚባሉት አበባ መሳይ የባሕር እንስሳት መጡ፤ ሲነኳቸው እንደ ጣት ይታጠፋሉ። ዓሦቹ የመጡት በስተመጨረሻ ነው።

እሷም በዚያው ሰሞን የማታ ትምህርት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰሌዳው ተጠራች፤ ጠመኔው በእጇ ተሰበረ፤ ከኋላ አንዲት ልጅ እግር ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን ይዛ ትወጣና፣ የትምህርቱን ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ቤት ቁልፍ ስትተክል ታሳልፋለች። ሁለት ዓመት! ባሏ በር ላይ ቆሞ፣ «የኔ ተማሪ መጣች» ይላታል። እሷም ትስቅለታለች።

ሆስፒታል የገባ ዕለት፣ «ስለ ገንዳው ሁሉንም ጽፌልሻለሁ» አላት።

«እሺ፣ አነበዋለሁ» አለችው።

በአፉ አንድ ቃል ቢነግራት በበቃ ነበር። የተማረች መስሎት ወረቀት ተወላት።

በቀብሩ ማግስት፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ በመስታወቱ ጎን አሸዋው ውስጥ ጥቁር መስመር አየች። ሰው ምን ይላል? ገና አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱን አቆሸሸችው አይሉም? ረጅሙን የእንጨት ማንኪያ አመጣች። ለባሏ ክብር ብላ፣ እስከ ታች ድረስ አማሰለችው።

አሁን ከለቀስተኞቹ መሐል፣ ሁሉንም የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ድረስ ተከትላት ገባች።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለች በሹክሹክታ።

«በሰው ፊት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል።»

«አንቺን መሬት እስክትውጥሽ ምራትሽን በቁሟ ይቅበሯት?»

በዚያው ጊዜ ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ በኮሪደሩ አለፈች። አላለቀሰችም። «ቻው፣ እማዬ» ብቻ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ እናት የራሷን ዝምታ በቻለችው ነበር።

«ቆዪ» አለቻትና ክንዷን ይዛ ወደ ሳሎን መለሰቻት። ልጇ የጠራችው ዓሣ ሻጭ ገብቶ ገንዳው ላይ አጎንብሷል።

«እኔ ነኝ ያማሰልኩት» አለች እናት።

«እሷን ለመሸፈን ብለሽ ነው» አለች ልጇ።

«አይደለም። ጥቁሩን አይቼ ቆሻሻ መሰለኝ። ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም። ትምህርቱን ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።» ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«መሥሪያ ቤት ያልነገርኩት ሰው የለም! እናቴ ተማሪ ናት እያልኩ…» ልጇ ሰዉን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «አባዬንም ዋሸሽው?»

«እሱንም።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ፈለገች። እስከ ሰባተኛው ቀን ልትቆይ ነበር አመጣጧ። ምራቲቱን ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ሳትናገር በሩን ስባ ወጣች። ለቀስተኞቹም የሚሉት ቸግሯቸው አንድ ባንድ ተነሡ።

«እትዬ» አለ ዓሣ ሻጩ ቀስ ብሎ፣ «ታች ያለው አሸዋ አየር አይገባውም፤ ሲነካ መርዙ ይወጣል። ግማሹን ውሃ እንቀይር፤ ኮራሎቹ ሊተርፉ ይችላሉ። ድንጋዩ ላይ የተኛውን ጥቁር ዝቃጭ በጎማ ቱቦ የሚስብልኝ እጅ እፈልጋለሁ።»

እናት ባልዲ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ምራቲቱ ሻንጣዋን ከግድግዳው አስጠጋችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ጎማውን ከድንጋይ ድንጋይ እያሳለፈች ሳበች፤ እናት ባልዲ ያዘችላት። ሲጨርሱ ዝቃጩ የምራቲቱ ክንድ ላይ እስከ ክርኗ ተለጥፎ ነበር። እናት ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያላወለቀችውን ጥቁር ሻሽ ከራሷ ፈታችና፣ ክንዷን ከክርን እስከ ጣት፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ ጠረገችላት።

ልጇ ሄዳለች። ምራቷ ቀረች።