የአትክልተኛው ጓንት

«ሻይ ውስጥ ነው የጨመርሽው ወይስ ሾርባ ውስጥ?»

የሟቹ ታላቅ ወንድም የወንድሙን ሚስት አንገት በግራ እጁ አንቆ ግድግዳው ላይ አጣብቋታል፤ በቀኙ መጥረቢያ ይዟል። ሐዘኑ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቅድም ጆሮ ለጆሮ ሲንሾካሾክ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምንም አልሰጠሁትም።»

«ሐኪሙ የዚያ አበባ መርዝ ነው ብሏል። ወንድሜ ሃያ ዓመት አትክልተኛ ሆኖ ኖሮ ነው ሳያውቅ የበላው? ማንን ልታሞኚ ነው?»

አባባሉስ እውነት ነው። በራቸው ላይ የቆመውን ቁጥቋጦ ሟቹ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። ሮዝ አበባው ዓይን ይስባል፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ ሹል ነው። «ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው» ይል ነበር። ያለ ጓንት አይነካውም። ሲጨርስ ጓንቱን ሳያወልቅ በሳሙና ያጥበዋል፣ ከዚያ እጁን ይታጠባል። ለቁጥቋጦ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ሚስቱን ግን በባዶ እጁ ነበር የሚመታው።

ወንድምየው ለቀቃትና ወጣ። ቁጥቋጦውን ከሥሩ እየፈለጠ ጣለው፣ በእግሩ ከመረውና ክብሪት ጫረ። ሚስቲቱ ተከትላው ሮጣ ክብሪቱን ከእጁ መትታ ጣለችው።

«ጭሱም ይመርዛል፤ ልጆችዎ እዚህ ናቸው።»

በጥፊ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«አያችሁ? መርዙን አሳምራ ታውቀዋለች» አለ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብላ ነበር ሦስት ቀን አፏን የያዘችው። አሁን ግን ዝም ካለች ነፍሰ ገዳይ ተብላ መቅረቷ ነው። ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ አርጩሜ ይዛ ወጣች።

«ምሳ ዘገየ ብሎ ተነሳብኝ። ጓዳ ገብቼ ቆለፍኩ። በንዴት ጓንቱንም ሳያጠልቅ ከዚሁ ቁጥቋጦ ይህን ሰበረና በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ልጡን በጥርሱ ይልጥ ጀመር። በቀዳዳው አየሁት። ‹ከአፍህ አውጣው› ብዬ ጮኽኩ። ‹ደግሞ አስተማሪዬ ሆንሽ› ብሎ ሳቀብኝ። ሲወድቅ ሰምቼ ነው የከፈትኩት።»

የጥርሱ ምልክት ከላይ እስከ ታች ይታያል። ወንድምየው አርጩሜውን አይቶ አይቶ መጥረቢያውን ጣለ።

«አባታችንም በጥርሱ ነበር የሚልጠው» አለ። «ወንድሜም እኔም ተገርፈንበታል።» አርጩሜውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«በባዶ እጅዎ አይንኩት።»

የባሏን ጓንት ከሚስማሩ አውርዳ አጠለቀች፤ ሁለት እጇ የሚገባበት ያህል ሰፋት። ቅርንጫፉን ሁሉ ለቅማ ጆንያ ውስጥ ከተተች፣ አርጩሜውንም ጨመረች፣ አፉን አሰረች። ማንም አላገዛትም። ከዚያ ባሏ ያደርግ እንደነበረው ጓንቱን ሳታወልቅ በሳሙና አጠበች፣ እጇንም ታጠበች። ጠልታው ነበር፤ ናፈቃትም፤ ሁለቱም እውነት ነው። ጓንቱን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችና ሲደርቅ እንዳይጨማደድ ጣቶቹን አንድ በአንድ አቃናቻቸው።