ትሪው ላይ የነበረው ሞተር

«እባክሽ ዝገኚ፤ አንድ እፍኝ እንኳ» አሉ አዴ ቡዜ፣ ንፍሮውን ወደ ሸዋወርቅ እያስጠጉ።

«ትሪው…» አለች ሸዋወርቅ።

«በትሪ አልበላም ነው? በሳህን አምጡላት!»

«ሳህን አልፈለግሁም። ይሄ ትሪ ከየት መጣ?»

ፍራሹ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት የትሪ ዘር ስትቆጥር ምን ይባላል? በድሪያ፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣ ከንፈሯን መጠጠች። «ልቧ እዚህ የለም» አለች በሹክሹክታ። የበድሪያ ሹክሹክታ ግን ድንኳን ውስጥ ዳማ የሚጫወቱት ወንዶች ድረስ ይደርሳል።

የሸዋወርቅ ልብ እዚያው ነበር። ትሪውን አውቃዋለች። ሟቹ ባሏ መርዳሳ ጓሮ ባለችው ክፍል አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ የሞተሩን ዕቃዎች በሚገጠሙበት ተራ ደርድሮበት ነበር። ማንም እንዳይነካው ብሎ ድመቷን እንኳ ከዚያ ክፍል አባርሯታል።

«ላዩ ላይ የነበሩት ዕቃዎችስ?»

የአዴ ቡዜ ፊት በራ። የሟች ታላቅ እህት ናቸው፤ መርዶው ደርሷቸው ከአቦምሳ መጥተው እግራቸው ቤት ከገባ ጀምሮ ቁጭ ብለው አያውቁም። «ብረታ ብረቱን ነው? አታስቢ! አንዲት አልጠፋችም። የወንድሜ ዕቃ፣ የኦቦሌሳ ኮ ዕቃ፣ እንዲህ በቅባት ተለውሶ ሰው አይይብኝ ብዬ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጌ ፈትጌ ብር አስመስያቸዋለሁ። በፌስታል አስቀምጫቸዋለሁ።»

ሸዋወርቅ ልትነሳ ስትል አራት እጅ ትከሻዋን ይዞ መልሶ አስቀመጣት። ሐዘንተኛ አይነሳም፤ የሚሠራላት ሰው ሞልቷል። ፌስታሉ ውስጥ ያለውም ሰው የሠራላት ሥራ ነው።

መርዳሳ ዕድሜውን ሙሉ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የሌላ ሰው ማሽን ሲጠግን ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሰፈሩ ወይ ዳማ ይጫወታል ወይ ዕድር ይመራል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ መዳፍ የምታህል ሞተር ሲያስነሳ አየና ቀልቡን እዚያው ጥሎ ቀረ። ከተዘጋ ጋራዥ አሮጌ ቶርኖ አስጭኖ አመጣ። ብረት መቅረጫው በጋሪ ሲገባ ያየው ሰፈር፣ ወፍጮ ቤት ሊከፈትልን ነው ብሎ ደስ አለው።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አለችው ሸዋወርቅ።

«ሞተር።»

«የውኃ ነው?»

«የምንም አይደለም። ይዞራል።»

«ዞሮስ?»

«ከዞረማ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

አኮረፈችው። እሱ መኮረፉንም ያወቀ አይመስልም። ከተሰበረ የቧንቧ ነሐስ ሲሊንደር ቀረጸ፤ ቀዳዳው ተጣመመ። ሁለተኛው ላይ ፒስተኑ ገብቶ አልወጣ አለ። ሌላኛው ደግሞ ሰፍቶ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ዱከም ውስጥ ትልቅ ትልቁን ማሽን ሲያዝ የኖረ ሰው ለአውራ ጣት የማትበልጥ ብረት ተሸንፎ ራቱን ሳይበላ ሲተኛ አየችውና አሳዘናት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጠራት። የሲሊንደሩን ቀዳዳ በጣቱ ዘግቶ ፒስተኑን ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ፒስተኑ ራሱ ተመልሶ ገባ።

«አየሽ? አየር አያሳልፍም። መሀላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉርሽ ይቀጥናል።»

«ፀጉሬ ሳሳ ለማለት ነው?» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን «ሞተርህ» ማለት ትታ «ሞተራችን» ማለት ጀመረች።

ሁሉም ተሠርቶ መገጣጠም ብቻ ሲቀረው፣ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። አሁን ሰው ሁሉ ምን እናድርግልሽ ይላታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ሞተር ስትዞር ማየት። ይህን ለለቀስተኛ እንዴት አድርጋ ትናገረው?

በሠልስቱ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እንደተቀመጠ፣ ጫምሳን አስጠራችው። ጫምሳ የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው ጎሚስታ ነው። «ጋሽ መርዳሳ፣ ይቺ ነገር ስታድግ ባጃጅ ትሆናለች?» እያለ ሲያሾፍ የኖረው እሱ ነው፤ የጎማ መንፊያውን ነፋስ ለሞተሯ ሊሰጥ ቃል የገባውም እሱ ነው። ፌስታሉን ስታቀብለው ምንም አላሾፈም። ሄዶ ኮምፕረሰሩን በጋሪ አመጣ።

ዳማው ተበተነ። ወንዶቹ በሙሉ የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ተሰበሰቡ፣ ሁሉም አዋቂ ሆነ። «ይቺ ወደ ውስጥ ናት!» «ገልብጣት እንጂ፣ ጥርሷ ወደ ላይ ነው!» አንዲት ቀጭን ቀለበት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ ባለቤት አጥታ ተመለሰች። ጫምሳ ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ እየተንጠባጠበ ሞተሯን እንደመሰለው ገጠማት። ሐዘንተኛዋ ከፍራሹ ተነስታ በሴቶቹ መሀል ስትቆም፣ ማንም አልከለከላትም።

ነፋሱን ለቀቀ። ሞተሯ ተንፈስ አለች፤ በፒስተኑ ዙሪያ ሁሉ ፍስስ እያለ ወጣ። ቮላኖው፣ መዞር ያለበት ትንሽ ክብ ብረት፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጫምሳ በጣቱ መታ አደረገው፤ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። ነፋሱን ዘጋና ፒስተኑን አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። የፒስተኑ ገላ በሙሉ በሽቦ ተጭሯል፣ ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። ቀና ብሎ አዴ ቡዜን አየና አፉን ከፈተ።

ሸዋወርቅ ዓይኗን አፈጠጠችበት። አፉን ገጠመ።

«ምን ጎደለ?» አሉ አዴ ቡዜ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኔ ስሰበስብ አንዲት አልጠፋችም እኮ!»

«አልጠፋችም፣ አዴ ቡዜ» አለች ሸዋወርቅ። «ሁሉም አለ። እጅዎ ይባረክ።»

አዴ ቡዜ እፎይ ብለው ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። ወንዶቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ጫምሳ ቱቦውን ሲጠቀልል ቆየ፣ ጠቅልሎ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

«እትዬ ሸዋ፣ አይቀየሙኝ። ሳይፈተግ በፊትስ… እውነት ይዞር ነበር?»

ሸዋወርቅ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለች። ከኮምፕረሰሩ ነፋስ ጋር ገብታ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ የቀረችውን የውኃ ጠብታ ቀስ አድርጋ አደረቀች።

«እሱም ‹ይዞር ይሆን?› እያለ እኔን ነበር የሚጠይቀኝ።»